ለአደይ ለተብርሃን የቀመስኩት ዓሣ

ሥራ አቆምኩ ስል የሚያምነኝ አጣሁ። አሁንም ሐሙስ ሲመሽ ስልኬ ይጮኻል። "ወይዘሮ ዘነበች፣ ነገ ዓርብ ነው፤ ከጓደኞቼ ጋር እንመጣለን፣ ቦታ ያዢልን" ይሉኛል። "ቦታስ ሞልቷል፤ ዓሣው ነው የሌለው" ስላቸው የምቀልድ ይመስላቸዋል። እውነቴን ነው። ጉልበቴ አልታዘዝ ብሎኛል፤ ጓሮ የነበረውን የሸክላ ምድጃም ባለፈው ክረምት ዝናቡ ሲያፈርሰው መልሼ አላቆምኩትም። የመሥሪያ ቤት ሰው ጡረታ ሲወጣ ንግግር ይደረግለታል፣ ጋቢ ይለብሳል፣ ፎቶ ይነሣል። እኔ ጡረታ የወጣሁት ከአንድ ጓሮ ስለሆነ ጋቢ ይዞ የመጣ የለም። ታዲያ ራሴን በራሴ ልሸኝ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

ከሰዓት በኋላ በረንዳ ላይ ወንበር አውጥቼ እቀመጣለሁ። የመቐለ ነፋስ የሚነሣው በዚያ ሰዓት ነው። በሩን ያንኳኳል፣ የተሰጣውን ልብስ ያራግባል፣ አቧራውን ከዚህ አንሥቶ እዚያ ያኖራል። ዓይኔን ስከድን ባሕር ይመጣብኛል። ጠዋት ወተት የመሰለ፣ ቀትር ላይ ዓይን የሚወጋ፣ ሲመሽ ደግሞ ሞቅ ያለና ዝም ያለ ባሕር። ጀልባዎቹ ሳይቸኩሉ ይመለሳሉ። አንዲት ልጅ እግሯን ውኃው ውስጥ ነክራ ዓሣ ስትጠርግ አያታለሁ። ይህን ሁሉ አያለሁ እንጂ ባሕር በዓይኔ አይቼ አላውቅም። የተወለድኩት ደሴ ነው፤ ያየሁት ትልቁ ውኃ የሐይቅ እስጢፋኖሱ ነው። ሰው ሲያወራ ሰምቼ፣ እየሰማሁም ስጠብስ ኖሬ ነው ባሕሩ ውስጤ የተጠራቀመው።

ወደ መቐለ የመጣሁት በሰማንያ አራት ዓመተ ምሕረት ነው፤ ባሌ ጌታቸው እዚህ ለመምህርነት ተመድቦ። ጌታቸው ጂኦግራፊ አስተማሪ ነው፤ የዓለምን ውቅያኖስ ሁሉ በቃሉ ያውቃል፣ ውኃ ግን ይፈራል። እኔ በመጀመሪያ የተቀጠርኩት በአንድ መሥሪያ ቤት የሠራተኞች ክበብ ነበር። የክበቡ ኃላፊ ደግ ሰው ነበሩ፤ ችግራቸው ወጥ ሲቀጥን ደስ ይላቸዋል። ድስቱን ከፍተው "ዘነበች፣ አንድ ጆግ ትችላለች ይቺ" ይሉኛል። እኔም እጨምራለሁ። ሽሮው የፊት መስተዋት እስኪሆን ድረስ እጨምራለሁ። ደሞዙ ከሳሙናና ከዘይት አያልፍም ነበር፤ ከደሞዙ ይልቅ ያቃጠለኝ ግን ማንም በልቶ ሲነሣ ፊቱ ላይ ምንም አለማየቴ ነው። በልተው ይሄዳሉ፤ በነጋታው መጥተው ይበላሉ።

የተከራየነው ክፍል ዓዲ ሓቂ ሰፈር፣ አደይ ለተብርሃን ግቢ ውስጥ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ አደይ ነው የሚላቸው፣ እናቴ እንደማለት። አባታቸው የዓዲግራት ሰው ናቸው፤ በወጣትነታቸው የወደብ ሥራ ፍለጋ ምጽዋ ወርደው እዚያው ቀሩ። አደይ ለተብርሃን እዚያ ተወለዱ፣ እዚያ አገቡ፣ እዚያ ባላቸውን ቀበሩ። በሰማንያ ሦስት ሰላም ሲሆን የአባታቸውን ዘመዶች ብለው ወደ መቐለ መጡ። አንዲት ልጃቸው ሳባ ግን ምጽዋ አግብታ ስለነበር እዚያው ቀረች።

ሳሎናቸው ውስጥ ሦስት ጠረጴዛ አለ። ረቡዕና ዓርብ፣ በጾም ወቅት ደግሞ በየቀኑ፣ ዓሣ ይሠራሉ። ምልክት የለው፣ ስም የለው፤ የሚያውቅ በሩን ገፍቶ ይገባል። ዓሣውን የምትልከው ሳባ ነበረች። ጀልባ ሲገባ ራሷ መርጣ ትገዛለች፣ በእንጨት ሣጥን ውስጥ በበረዶ ትደረድራለች፣ እርጥብ ጆንያ ታለብሳለች፣ ለጭነት መኪና ትሰጣለች። መኪናው ሲደርስ አደይ ለተብርሃን ሣጥኑን ከመክፈታቸው በፊት መዳፋቸውን ላዩ ላይ ያሳርፋሉ። በኋላ ነው የገባኝ፤ ልጃቸውን መንካታቸው ነበር።

እኔ መጀመሪያ የሄድኩት ለጠብ ነው። የታጠበ ልብሴ ዓሣ ዓሣ እያለ አስቸግሮኝ፣ እጄን ወገቤ ላይ አድርጌ ጓሯቸው ቆምኩ። እሳቸው ምድጃው ላይ ጎንበስ ብለዋል። ምድጃው ከወገብ በላይ የሚደርስ፣ አፉ ወደ ሰማይ የሆነ የሸክላ ጉድጓድ ነው፤ እሳቱ ከታች ይነድዳል፣ ዓሣው ግድግዳው ላይ ይለጠፋል።

"አደይ፣ ሽታው ልብሴ ላይ..." ብዬ ጀመርኩ።

"ቅረቢ ጓለይ" አሉኝ ቀና ሳይሉ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። "ከሩቅ ሲሆን ሽታ ነው። ቅረቢና አሽትቺው።"

ቀረብኩ። እንፋሎቱ ውስጥ ከሙን አለ፣ ነጭ ሽንኩርት አለ፣ የተቃጠለ ቆዳ አለ፣ ከሁሉ ሥር ደግሞ ስሙን የማላውቀው አንድ ነገር አለ። ከዓሣው ቆርሰው ከትኩስ ቂጣ ጋር እጄ ላይ አኖሩልኝ። ስለ ልብሴ ሌላ ቃል አልተናገርኩም። ሳልውል ሳላድር ክበቡን ተሰናብቼ ከእሳቸው ጋር መሥራት ጀመርኩ። ኃላፊው አዘኑ፤ "ወጡን ማን ያቀጥንልናል?" ብለውም እንደሆን አላውቅም።

ጌታቸው ሲሰማ ሣቀብኝ። "እጅና እግር ሳይኖረው የሚሄድ ፍጡር እንዴት ይበላል?" አለ። "አንተ እጅና እግር እያለህ መች ትሄዳለህ?" አልኩት። እስከ ዛሬ የሚወደው መጽሐፉን ይዞ መቀመጥ ነው።

አሁን ስለ ሥራው ልናገር፤ ብዙ ሰው ዓሣ ማለት ዱቄት ውስጥ ነክሮ መጥበስ ይመስለዋል። የአደይ ለተብርሃን ዓሣ የሚከፈተው ከጀርባው ነው፤ ሆዱ ሳይነካ እንደ መጽሐፍ ይዘረጋል። ከመክፈታቸው በፊት ዓይኑን ያያሉ፣ መተንፈሻውን፣ ስንጥቡን፣ በአውራ ጣት ገልጠው ቅላቱን ያያሉ፣ ከዚያ ሥጋውን ጫን አድርገው ይለቃሉ፤ የጣታቸው ጉድጓድ ካልሞላ ወደ ድመቶቹ ነው። ጨዋቸው ከአፋር በግመል የሚመጣው አሞሌ ብቻ ነው። ራሳቸው ወቅጠው ይነፉታል። "ይህ ድሮ ባሕር ነበር" ይሉኛል፤ "ውኃው ሄደ፣ እሱ ቀረ።" ከዚያ ሚጥሚጣ፣ ከሙን፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሑመር ከሚሉት ኮምጣጣ ፍሬ ጭማቂ ጋር ለውሰው ሥጋውን በመዳፋቸው ይቀባሉ፣ ልጅ ቅባት እንደሚቀባ ቀስ ብለው። ቂጣው እዚያው ግድግዳ ላይ ከዓሣው ጎን ይለጠፋል። ሲወጣ ሎሚ፣ በቃሪያ የተወቀጠ ቲማቲም፣ በቃ። ትሪው መሐል ይቀመጣል፤ ሁሉም በእጁ ይበላል። ሹካ የጠየቀ እንግዳ "እጅህን ቤት ረሳኸው እንዴ ሓወይ?" ይባላል።

ሥራ ላይ ዝምታ ይወዳሉ። ሬዲዮ ያስጠፋሉ። ዓሣው መድረሱን የሚያውቁት በጆሮ ነው፤ መጀመሪያ ይንጫጫል፣ ከዚያ ያንሾካሹካል፣ ዝም ሲል ይወጣል። እኔ ወሬ ስለምወድ ብዙ ዓሣ አሳርሬባቸዋለሁ።

ስለ ጾሙ ነገር ጠረጴዛዎቹ ላይ ያልተባለ የለም። ዓሣ ይጾማል የሚል አለ፣ አይጾምም የሚል አለ፣ ይጾማል እያለ የሚበላ ደግሞ ይበዛል። ግራ ቀኝ አይተው የሚገቡ የታወቁ ሰዎች ነበሩን፤ ከጓሮ በር እናስገባቸው ነበር። ክንፍና ቅርፊት የሌለው የባሕር ፍጥረት ግን በዚያ ቤት ደጃፍ አላለፈም። አንዴ ከሣጥኑ ውስጥ ተሳስቶ የገባ ሽሪምፕ የሚሉት ትንሽ የባሕር ፍጥረት አንድ እፍኝ አገኘን። እኔ ትል መስሎኝ ጮህኩ። እሳቸው በጨርቅ ጠቅልለው ቀበሩት፤ "ይህን የሚበሉ ጎረቤቶች ነበሩን፤ ጥሩ ጎረቤቶች" አሉ፤ እጃቸውንም በሎሚ ታጠቡ።

በዘጠና ዓመተ ምሕረት ግንቦት ላይ ጦርነቱ መጣና መንገዱ ተዘጋ። ሣጥን ቀረ። ስልክ ቀረ። አንዳንድ ጊዜ በሱዳን፣ አንዳንድ ጊዜ በጅዳ ዞሮ "ሳባ ደኅና ናት" የሚል ወሬ ይደርሳል፤ ወሬው ሲደርስ ደግሞ ያረጀ ነው። አደይ ለተብርሃን አላለቀሱም፣ ቢያንስ እኔ ፊት። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሰው ነጠላቸውን ሳያወልቁ ወጥ ቤት ገቡና ነገሩኝ።

"ለእመቤቴ ተስዬ መጣሁ። ሳባ ፊቴ ተቀምጣ አብራኝ እስክትበላ ድረስ ዓሣ አልቀምስም።"

"ታዲያ ቤቱን ልንዘጋው ነው?"

"ለምን ይዘጋል? እንጀራችን አይደለም እንዴ? እኔ እሠራለሁ፣ አንቺ ትቀምሻለሽ።"

ሥራዬ ከዚያ ቀን በኋላ ሌላ ሥራ ሆነ። የእሳቸው እጅ፣ የእሳቸው አፍንጫ፣ የእሳቸው ጆሮ፣ የእኔ ምላስ። ሲቀቡ መሐል ላይ ያቆማሉ፤ እኔ ጣቴን ቅመሙ ውስጥ ነክሬ እቀምሳለሁ። "እህ?" ይሉኛል። መጀመሪያ መጀመሪያ "ጥሩ ነው" እል ነበር፤ ተቆጡኝ። "ጥሩ የሚባለው ሰው ነው። እኔ የምፈልገው የት እንደነካሽ ነው።" እናም ተማርኩ። "ጫፉ ላይ ጨው፣ ጎኑ ላይ ሑመር፣ ጉሮሮ ላይ ሚጥሚጣው ዘግይቶ" እላቸዋለሁ። ዓይናቸውን ከድነው ያዳምጣሉ። "ሑመሩ ጎን ላይ ቶሎ መጣ ወይስ ቆየ?" ይላሉ። ቆየ ካልኩ ይጨምራሉ። ሰው ሲያወራ ምግብን እንዲህ የሚሰማ ሰው ከእሳቸው በፊትም በኋላም አላየሁም። አንዳንዴ በሬዲዮ ከሩቅ አገር ወሬ የሚሰሙ ይመስሉኝ ነበር።

የንስሐ አባታቸው አዘኑላቸውና ስእለቱን ሊፈቱላቸው አሰቡ። "አባ፣ ሸክም አልሆነብኝም" አሏቸው። "እየጠበቅኩ መሆኔን እንዳልረሳ ነው።" አባም ባርከዋቸው ሄዱ፤ እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ በየማለዳው ጸሎቴ ላይ ሳባን እጨምራለሁ፣ ፊቷን ሳላውቀው።

ዓሣው ከዚያ ወዲህ ከሐይቅ ሆነ። ከአሸንጌ በመኪና የሚመጣ ቆሮሶ የሚሉትን ዓሣ እንገዛለን፤ አንዳንዴ ከደቡብ በበረዶ በአውሮፕላን ይመጣል። አሉላ አባ ነጋ አውሮፕላን ማረፊያ ጭነት ክፍል የሚሠራ ተስፋይ የሚባል ደንበኛችን "አደይ፣ እንግዳችሁ ወርዷል፤ ብርድ ይዞታል ቶሎ ድረሱ" ብሎ ይደውላል። ተነሥቼ ቁሓ እወጣለሁ። ከዚያ ሜዳ ላይ ካርቶኔን ታቅፌ፣ ነፋሱ ነጠላዬን እየጎተተ፣ አውሮፕላኑ ሲነሣ ቆሜ ማየት እወድ ነበር። ወዴት እንደሚሄድ አውቃለሁ፣ አዲስ አበባ ነው። ቢሆንም በልቤ ወደ ባሕር እልከው ነበር።

የሐይቅ ዓሣ ለስላሳ ነው። ወጥ ሲሆን፣ ሲጠበስ ችግር የለበትም። ግድግዳ ላይ ለመለጠፍ ግን አቅም የለውም። ይህን ያወቅነው ክፉ ቀን ነው። አቶ ካሕሳይ የሚባሉ ነጋዴ ምጽዋ ብዙ ዓመት ኖረው የተመለሱ ነበሩ። ልጃቸው ከዩኒቨርሲቲ ሲመረቅ እንደ እሳቸው ባሕር ዳር የኖሩ ወዳጆቻቸውን ሰብስበው ወደ እኛ ቤት መጡ። "የምድጃውን ዓሣ ነው የምንፈልገው፤ ሌላ አናውቅም" አሉ። ሳሎኑ ሞላ፤ ወሬው ሁሉ ስለ ምጽዋ ሆነ፤ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ጀልባው፣ ጣሪያ ላይ ስለሚተኛበት ወቅት። እኔ ትሪ እያደረስኩ ጆሮዬን እዚያው ትቼ እመለሳለሁ።

የመጀመሪያው ዓሣ ተለጠፈ። ትንሽ ቆይቶ ጅራቱ ለቀቀ፣ ከዚያ ወገቡ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ ተንሸራቶ ፍሙ ላይ ወደቀ። ሁለተኛው ተከተለው። ሦስተኛውን በሁለት እጃችን ደግፈን ልንይዝ ሞከርን፤ እጄ ላይ ጠባሳው አለ። ዓሣው ለሁለት ተከፈለና አመድ ውስጥ ገባ። የቀረውን ብንጠብስስ? ዘይት ብናሞቅስ? ብዬ መሯሯጥ ስጀምር አደይ ለተብርሃን ክንዴን ያዙኝ። እጃቸውን ታጥበው ሳሎን ገቡና ቆመው ተናገሩ።

"ዛሬ ዓሣ የለም። ወድቋል። ቂጣና ቲማቲም አለ፤ ሽሮ እንሠራለን። ይቅርታ አድርጉልን።"

እንግዶቹ ጨዋዎች ነበሩ፤ ጨዋነታቸው ነው የገደለኝ። ሽሮውን አመስግነው በሉ። ስለ ባሕር የሚያወራው ግን አልነበረም፤ ወሬው ወደ ሲሚንቶ ዋጋ ተመለሰ። ያን ቀን ምድጃው ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ። ያለቀስኩት ለሥራው ብቻ አልነበረም። ሳሎኑ ውስጥ ባሕር ነበር፤ እኛ ነን ያደረቅነው። አደይ ለተብርሃን "አጆኺ፣ አይዞሽ" አሉኝ፤ አጠገቤ ግን አልተቀመጡም፤ አመዱን መጥረግ ጀመሩ።

ለሳምንታት ምድጃው ቀዘቀዘ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልብስ ልሰበስብ ወጣሁ። ጠዋት ጨምቄ ያሰጣሁት ፎጣ በነፋሱ ደርቆ እንደ ሰሌዳ ቆሟል። ቆሜ አየሁት። ከዚያ ወጥ ቤት ገባሁና አንድ የተከፈተ ቆሮሶ በአሞሌ ጨው አሸሁት፣ ገመዱ ላይ በመቆንጠጫ ሰቀልኩት። አደይ ለተብርሃን በር ላይ ሆነው ተመለከቱኝ።

"ምን ሆነሻል ጓለይ? ዓሣ እንደ ካልሲ ይሰቀላል?"

"ምጽዋ አይሰቀልም?"

"የምጽዋ ነፋስ እርጥብ ነው። ይገማል እንጂ አይደርቅም።"

"ይህኛው ግን ደረቅ ነው።"

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ አወረድኩት። ላዩ ጠንክሮ ውስጡ እርጥብ ነበር። ግድግዳው ላይ ለጠፍነው፤ ያዘ። እስኪበስል ድረስ ሁለታችንም ከምድጃው አፍ አልራቅንም። ቀመስኩት። ጨው ወደ ውስጥ ገብቶ ሥጋውን አጥብቆታል፤ ከሳባ ሣጥን የወጣው ዓሣ እንደዚህ አልነበረም፤ ይህ ጠንከር፣ ጠለቅ ያለ ነው። ይህንኑ ነገርኳቸው። "ሌላ ሆኗል አደይ። አይከፋም፤ ግን ሌላ ነው።"

መቆንጠጫውን ከገመዱ ላይ አነሡ። ከዚያ "እኔ አልቀምሰውም። ምላሱ የአንቺ ነው። እንዳየሽ አድርጊ" አሉ።

ያን ጊዜ እንደ ነፃነት ቆጠርኩት። እያደር ግን ፍርሃት ሆነብኝ። እሳቸው ለእንግዳ "የምጽዋ ዓሣ ነው" ብለው ያቀርባሉ፤ የሚያቀርቡት ግን የእኔን ዓሣ ነው፤ የአሸንጌ ውኃ፣ የአፋር ጨው፣ የመቐለ ነፋስ። በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይለወጣል። ሑመር ሲጠፋ በሎሚ ተካሁ። ከሙኑን ቆላሁት። ሁሉንም እነግራቸዋለሁ፤ ቢሆንም መስማትና መቅመስ አንድ አይደሉም። ሳባ የመጣች ቀን እሳቸውም ይቀምሳሉ። በአፋቸው ውስጥ ያስቀመጡት የእናታቸው ቤት ጣዕም አለ፤ የእኔው ከእሱ ጎን ሲቆም ምን ይሆናል? "ይህን ነው እንዴ በስሜ ሰው ስታበዪ የኖርሽው?" ቢሉኝስ? ያ ቀን እንዲመጣላቸው በየማለዳው እጸልያለሁ፤ ያ ቀን እንዳይመጣብኝ ደግሞ እፈራለሁ። ሁለቱንም በአንድ ልብ ይዤ ነው ያን ሁሉ ዓመት የሠራሁት።

ሥራው ግን ለመለመ። ገመዱ ላይ ዓሣ ሲሰቀል ከድመትና ከጭልፊት የሚጠብቀው ጌታቸው ነበር፤ የፈተና ወረቀት እያረመ፣ ዱላ ጭኑ ላይ አድርጎ። በዚያ ሰበብ አንድ ቀን ቀመሰ፤ ከዚያ በኋላ እሱን ራሱን የሚጠብቅልን ሌላ ሰው ያስፈልገን ጀመር። እኔም ወደ ሰው ቤት እየሄድኩ ማስተማር ጀመርኩ። ዓዲ ሓቂ በተማሪና በአዲስ ተጋቢ ኪራይ ቤት ተሞልቶ ነበር። አንድ ክፍል፣ አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ አንድ መጥበሻ። "የሸክላ ምድጃ የለንም" ይላሉ። "ገመድ አላችሁ? ነፋስ አላችሁ? ይበቃል" እላቸዋለሁ። ጨው አሽተሽ ስቀዪ፣ መጥበሻውን ያለ ዘይት አግዪ፣ በቆዳው በኩል አስተኚ፣ ክዳን ድፊበት፣ ሬዲዮውን አጥፊና ስሚ። ያቺ ክፍል ስትታፈን፣ መስኮቱ በላብ ሲሞላ፣ ልጆቹ አልጋ ላይ ተደርድረው በእጃቸው ሲበሉ ሳይ፣ እኔ የክበቡ ዘነበች መሆኔን እረሳለሁ። ፊታቸውን አያለሁ፤ የፈለግኩት እሱን ነበር።

አደይ ለተብርሃን በዚህ መሐል አረጁ። ጆሯቸው ሲደክም ምድጃው ውስጥ ያለውን ድምፅ እኔ እነግራቸው ጀመር፤ ዓይናቸው ሲደክም የስንጥቡን ቅላት። ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው "እህ?" ይላሉ፤ እኔ እናገራለሁ። ከሰዓት በኋላ ሥራ ሲያልቅ ግን ተራው የእሳቸው ነው። ስለ ባሕሩ ያወሩልኛል። ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ድምፃቸው እየቀነሰ፣ እየቀነሰ፣ እንቅልፍ እስኪወስዳቸው። ሳባ በልጅነቷ እንዴት ከደረጃው ላይ ሆና ዓሣ ትጠርግ እንደነበር ብዙ ጊዜ ነግረውኛል፤ በየጊዜው ልጅቷ ትንሽ እያነሰች ትሄድ ነበር።

በሁለት ሺህ አሥር ክረምት ዕርቅ ሆነና ስልኩ ተከፈተ። በነሐሴ አንድ ቀን ጠዋት ስልኩን ያነሣሁት እኔ ነበርኩ። "የለተብርሃን ቤት ነው?" አለች አንዲት ሴት በትግርኛ። ድምፅዋን ሰምቼው አላውቅም፤ ግን አወቅኩት። ስልኩን ለእሳቸው ሰጥቼ ጓሮ ወጣሁ። መስከረም ላይ ደግሞ መንገዱ ተከፈተ። ሰው ድንበሩ ዛላምበሳ ላይ ተቃቅፎ የሚያለቅሰውን በቴሌቪዥን አየን፤ አደይ ለተብርሃን ቴሌቪዥኑ አጠገብ ሄደው የሰዉን ፊት አንድ በአንድ ሲያዩ ነበር።

ሳባ የመጣችው ቅዳሜ ነው፤ በሚኒባስ፣ የበረዶ ሣጥን ይዛ። እኔ በልቤ የያዝኳት ያቺ እግሯን ውኃ የነከረች ልጅ ነበረች፤ ከመኪናው የወረደችው ግን ፀጉሯ የሸበተ፣ ጫማዋ የደከመ፣ ወፈር ያለች ሴትዮ ናት። እናቷ ደጅ ላይ ቆመው ጠበቋት። ሲገናኙ ማንም አልጮኸም። አደይ ለተብርሃን መዳፋቸውን ልጃቸው ጭንቅላት ላይ አሳረፉና ለረጅም ጊዜ አላነሡም።

የዚያን ቀን ምሳ ከማውራቴ በፊት ከእሱ በኋላ የሆነውን አሁኑኑ ልንገራችሁና ልመለስ። ሳባ እናቷን ይዛ በዚያው በጋ ወደ ምጽዋ ወረደች። ጥቂት ቆይቶ መንገዱ ተመልሶ ተዘጋ። አደይ ለተብርሃን እዚያው ናቸው፤ በስልክ እናወራለን። እኔ አንድ ዓመት ብቻዬን ሠርቼ ተውኩት። አሁን ወደ ምሳው።

ሣጥኑ ሲከፈት ዓሣዎቹ እንደ ድሮው ያበራሉ። እኔ ደስ አለኝ፤ በእውነተኛው የባሕር ዓሣ ከሠራሁ እድናለሁ ብዬ አሰብኩ። እጅጌዬን ሰበሰብኩ። ሳባ ግን ወንበር ስባ ተቀመጠችና "በጃኺ ማማ፣ እባክሽ፣ ከዓሣ ሌላ የለም? እኛ እኮ ጠዋት ማታ እሱን ነው። ጸብሒ ደርሆ፣ ዶሮ ወጥ፣ አምሮኝ ነው የመጣሁት" አለች።

አደይ ለተብርሃን ትንሽ ደንገጥ አሉ፤ ከዚያ ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሣቁ። "ሃያ ዓመት እኔ ስጾም አንቺ ሰለቸሽ?"

"ማን ጹሚ አለሽ?" አለች ሳባ። ስእለቱን አልሰማችም ነበር። ስትሰማ ፊቷ ተለወጠና የእናቷን እጅ ያዘች፤ ስለ ዶሮው አላነሣችም።

እኔ ከሣጥኑ ትልቁን ዓሣ ሳነሣ አደይ ለተብርሃን አስቆሙኝ። "የእሷን ለነገ። ገመዱ ላይ የሰቀልሽው የለም?"

"አለ አደይ፤ ግን ዛሬ እንኳ የባሕሩን..."

"ዛሬ የምበላው ሃያ ዓመት የሸተተኝን ነው።"

ዓሣውን ወደ ሣጥኑ መለስኩ። ቆሮሶውን ከገመዱ አወረድኩ። ቀባሁት። ለጠፍኩት። ሲንጫጫ፣ ሲያንሾካሹክ፣ ዝም ሲል ሰማሁት፤ ከዚያ ዝምታ በኋላ ማውጣት ነበረብኝ፤ ትንሽ ዘገየሁ፣ ጌታቸው ነው "ዘነበች" ብሎ የቀሰቀሰኝ። ትሪውን በመሐላቸው አስቀመጥኩና የቀሚሴን ጫፍ እንደያዝኩ ቆምኩ፤ ድሮ ለጠብ ወደ መጣሁባት ጓሮ መውጣት አማረኝ፤ ግን አልወጣሁም።

አደይ ለተብርሃን አማተቡ። በቂጣ ቆርሰው ወደ አፋቸው አስገቡ። ቀስ ብለው አላመጡ፤ ዓይናቸውን ከደኑ። ሳባም ጎረሰች፤ ስታኝክ እናቷን እናቷን ታያለች። ነፋሱ በሩን ሲያንኳኳ ይሰማል። አደይ ለተብርሃን ዋጡ፤ ሁለተኛ ቆረሱ፤ እንደገና ዓይናቸውን ከደኑ። አንድ የጠፋ ነገር እንደሚፈልግ ሰው ግንባራቸው ተቋጠረ።

"ማማ፣ እንደ ድሮው ነው? የአያቴ እንዲህ ነበር?" አለች ሳባ። "እኔ ትንሽ ነበርኩ፤ አሁን እኛ ጋ ሁሉም በዘይት ነው የሚጠብሰው። ማስታወስ አልቻልኩም።"

እሳቸው ዓይናቸውን ገለጡ። እንባ ነበረበት፤ ድምፃቸው ግን ደኅና ነበር።

"እኔም ረሳሁት ጓለይ" አሉ። "አፌ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ ብዬ ነበር፤ የለም። እኔን አትጠይቂኝ። እሷን ጠይቂያት።"

ሳባ ወደ እኔ ዞረች። ሁለት የባሕር ልጆች፣ እናትና ልጅ፣ ውኃውን አይታ የማታውቀውን የደሴ ሴት ቀና ብለው እያዩ መልስ ይጠብቃሉ። ነጠላዬን አስተካከልኩና አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ከትሪው ቆርሼ ቀመስኩ።

"እንዲህ ነበር" አልኳቸው፤ የት የት እንደነካኝም እነግራቸው ጀመር።